ወፍጮው ያልቆመበት እሑድ

በዚህ ከተማ መብራትን ከእኔ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ከእኔ አብልጦ ያወቀ ግን የለም። አስተማሪ አልነበረኝም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስነፋ፣ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደውን የኤሌክትሪክ መጽሐፍ አነሣሁ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉን ግን አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥዕል አንብቤ፣ ሁለት ጊዜ መብራት ይዞኝ ግድግዳ ላይ ካጋጨኝ በኋላ፣ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ የናዝሬትን ግማሽ ሠርግ ቤት አብርቻለሁ። በኋላም የትርኢት አዳራሹ የመብራት ኃላፊ ሆንኩ። ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ይዘው የመጡ ልጆች ሽቦ ሲምታታባቸው ቤቴ መጥተው ይቀሰቅሱኝ ነበር። ይህን ሁሉ የምጽፈው ኋላ የምናገረውን ነገር ያደረገው አላዋቂ ነው እንዳይባል ነው። ያደረገው አዋቂ ነው።

ዘንድሮ ከቅበላ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጡ። አሮጌው አዳራሽ ታድሷል አሉኝ። ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ክረምት እስኪገባ በየእሑዱ የተለያየ ትርኢት ሊያሳዩበት ነው፤ አንድ እሑድ ቲያትር፣ አንድ እሑድ ባንድ፣ አንድ እሑድ ግጥም፣ አንድ እሑድ የሰርከስ ልጆች። በመክፈቻው ቀን እኔን የመድረክ ባለውለታ ብለው ካባ ሊደርቡልኝ አስበዋል። ለሚያሳትሟት ትንሽ መጽሔትም ሦስት ገጽ ትዝታ እንድጽፍ ጠየቁኝ።

“ጋሼ በላቸው፣ በተለይ ያንን የጨለማው ተራ የሚባለውን ይጻፉልን” አለኝ ልጁ። “አባቴ እስካሁን ያወራል።”

“ምን ብሎ ያወራል?”

“መብራት ሲሄድ ተመልካቹ አይነሣም፣ ተጫዋቹም አያቆምም ነበር ይላል። እንደዚያ ያለ ተመልካች ዛሬ የለም ይላል።”

“እውነቱን ነው። ያን ተመልካች የሠራሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችኝ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ለቅበላ የተገዛውን ሥጋ ለልጆቹ ሠርታ ለእኔ ሽሮ አቀረበችልኝ። እሷ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ቅበላም ጾምም አትቆጥርም፤ እኔ ግን እጾማለሁ፤ ሰው ሁሉ ጾም ሊገባ ነው ብሎ ሥጋ በሚጠግብበት በቅበላ እሑድም ሥጋ አልቀምስም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ሆዱን ያመዋል ብላ ነው።

ያን ጊዜ ከተማው ናዝሬት ነበር፤ ዛሬ አዳማ ነው፤ አቧራው ግን ያው ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ አዳራሹ በጋሪ ሃያ አምስት ሳንቲም ይከፈል ነበር። የፈረሱ አንገት ላይ ቃጭል፣ የባለጋሪው ጆሮ ላይ ግማሽ ሲጋራ። እሑድ ከምሳ በኋላ ከተማው ለብሶ ይወጣል። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪና እስከ ደረት የተከፈተ ሸሚዝ፣ ሴቶቹ አጭር ጉርድና ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ። የናዝሬት ፀሐይ አስፋልቱን ስለሚያለሰልሰው ተረከዙ እየሰመጠ ቀዳዳ ይተው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት እነዚያን ቀዳዳዎች አይቼ ከአዳራሹ የወጣችው ሴት ወደ ፓፓያ ጭማቂ ቤቱ ትታጠፍ ወይስ በቀጥታ ወደ ቤቷ ትሂድ መናገር እችል ነበር። ጭማቂ ቤቱ ጥግ ላይ ሸክላ የሚያስደምጥ ሱቅ ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ የሚቆመው ሰው መንገዱን ይዘጋውና ጋሪዎቹ ዞረው ይሄዱ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባንክ አለ። ከባንኩ ፊት ለፊት ባጃጆች ተሰልፈው ሁሉም በየራሳቸው ዘፈን ይጮኻሉ፤ ቆሞ የሚሰማ ግን የለም። ለአዳራሹ ወንበር አንድ ብር፣ አግዳሚ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ይበልጥ ያጨበጭብ ነበር።

አዳራሹ መጀመሪያ የተሠራው ለጥጥ መጋዘን ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ የብረት መዝጊያ ያላቸው፣ በሩ አንድ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹ ሁልጊዜ ዝግ ናቸው። ትርኢቱ የሚጀምረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ይሰነጥቃል፣ ውስጥ ግን አምፖሉ ከጠፋ የራስህን እጅ አታይም። በስተጀርባ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ፣ የአንድ ሐጂ ወፍጮ ቤት ነበር። ሐጂ የሚዘጉት አርብ ነው፤ እሑድ ይፈጫሉ። ዱግ ዱግ የሚለው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ይመጣል፤ አዲስ የመጣ ተጫዋች ሁሉ መጀመሪያ ቀን ያማርር ነበር፣ ከዚያ ይለምደዋል። ወፍጮውም አዳራሹም መብራት የሚያገኙት ከአንድ ምሰሶ ነው፤ መስመሩን የቀጠልኩት እኔው ነኝ። የእኔ ክፍል ከመድረኩ ኋላ ያለች ጠባብ ጓዳ ነበረች። ከዚያ ሆኖ መድረኩ አይታይም። እኔም ማየት አያሻኝም ነበር። በጆሮዬ ነው የምሠራው። ዘፋኙ ሲጀምር አበራለሁ፣ ድምፁ ሲያርፍ አደበዝዛለሁ፣ ዝም ካለ አልቋል ማለት ነው፣ አጠፋለሁ። አዘጋጆቹ ልምምድ እንዳይ ይለምኑኝ ነበር። ልምምድ ለማያውቅ ሰው ነው እላቸው ነበር።

የዚያ ዓመት ትርኢት ከመስቀል ማግስት ጀምሮ እስከ ቅበላ በየእሑዱ ነበር። እንደዚያ ያለ ወቅት ከተማው ከዚያ በፊትም አላየ፣ ከዚያ በኋላም አላየ። የመጀመሪያው እሑድ የነሐስ ባንድ መጣ፤ ጥሩምባው ሲነፋ የጣራው ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ስለ አማትና ምራት የሚያሳይ ቲያትር መጣ፤ የባልየው ሰው ሠራሽ ፂም በላብ ተላቆ ወደቀና ከአግዳሚ በኩል አንዲት ሴት “አንቺ ምራት፣ ባልሽን አንሺለት እንጂ!” ብላ ጮኸች። ከምንጃር የመጣ ማሲንቆ መቺ ፊት የተቀመጡትን ባለሥልጣኖች አንድ በአንድ በግጥም ሸረደዳቸው፣ እነሱም እየሳቁ ላባቸውን ጠረጉ። የአርሲ ልጃገረዶች በትራቸውን ይዘው ሲዘፍኑ ውጭ ያለው ባለጋሪ ሁሉ ጋሪውን ጥሎ በር ላይ ተደረደረ። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ አስማተኛ ደግሞ ርግቡ በጉዞው ሙቀት ሞታበት ኖሮ ከባርኔጣው ያወጣው ሬሳዋን ነው። ሰው የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። ዛሬ ሳስታውሳት አያስቀኝም።

የጨለማው ተራ የተጀመረው ከመቂ በመጣ ዓይነ ስውር የአኮርዲዮን ተጫዋች ነው። በዘፈኑ መካከል መብራት ሄደ። የእውነት ሄደ፤ ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮውም እያቃሰተ ቆመ። በሩ ላይ የነበረው አያ ቱፋ፣ ትኬት የሚቆርጠው ረጅሙ ሰውዬ፣ በሩን ከፍቶ ብርሃን ሊያስገባ መወርወሪያው ላይ እጁን ጣለ። አንድ ሰው “ተው፣ አትክፈት! ይሰማል” አለው። ዓይነ ስውሩ መብራት መሄዱን አላወቀም። መጫወቱን ቀጠለ። ወፍጮ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ ጨለማና ያ አኮርዲዮን ብቻ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ግማሹ ሰው ያለቅስ ነበር። ጭብጨባው አልቆም ሲለው ተጫዋቹ ግራ ገብቶት “ምነው፣ ምን ሆናችሁ?” ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ሕግ ሆነ። መብራት ሲሄድ ማንም አይነሣም፣ በር አይከፈትም፤ ተመልካቹ በምት ያጨበጭባል፣ በመድረክ ላይ ያለው በባዶ ድምፁ ይቀጥላል። የተጫዋች ወንድነት በዚያ ይለካ ጀመር። አያ ቱፋ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል፣ የሰማይ አምላክ ቢያንኳኳ አይከፍትም። ከዝዋይ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ ሰው በአውቶቡስ የሚመጣው ለዚያች ጨለማ ነበር። መብራቱ ግን የሰው ፍላጎት አያውቅም፤ ሁለት ሳምንት ሳይጠፋ ቀረ። ሰው ሲወጣ “ዛሬ ደግሞ መብራቱ ምን ነካው፣ ሳይሄድ ቀረ?” እያለ ያጉረመርም ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እኔ አጠፋሁት። ዘፋኟ ዘፈኗን ጨርሳ ዝም ስትል ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩና እስከ መቶ ቆጠርኩ። አዳራሹ በደስታ ፈነዳ። ከዚያ በየእሑዱ አንድ ጊዜ አደርገው ጀመር፤ ሁልጊዜ በዝምታ ላይ፣ ሁልጊዜ እስከ መቶ። ለማንም አልነገርኩም። ከጭብጨባው ሥር ወፍጮው ዱግ ዱግ ማለቱን አይተውም ነበር፤ ለእኔ ይሰማኛል። ሌላ አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለውም። ሰው ሊሰማ የመጣውን ነው የሚሰማው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ለማብቂያው፣ ለቅበላ እሑድ፣ አክሮባቶች ተጠሩ። አለቃቸው ተሾመ ይባላል፤ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ጀርባው ላይ ተኝቶ ረጅም መሰላል በእግሩ ያቆማል፣ ቡድኑ ውስጥ ያለች ጫልቱ የምትባል የቡልቡላ ልጅ ጫፉ ድረስ ወጥታ በእጆቿ ትቆማለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቅዳሜ ዕለት ጓዳዬ ድረስ መጡ።

“ና ልምምዳችንን እይ። ለእኛ መብራት ዋና ነገር ነው” አለኝ ተሾመ።

“እኔ ልምምድ አላይም። በጆሮዬ ነው የምሠራው።”

“በጆሮው የሚያይ!” አለና ወደ ልጆቹ ዞረ፤ ሳቁ። “ስማኝ ወንድሜ፣ ነገ ሰው የሚመጣው አንተንም ጨለማህንም ብሎ አይደለም። አንተ ማብሪያ ማጥፊያ ነህ። አብራና ቁጭ በል።”

“ተወው እንጂ ተሾመ” አለች ጫልቱ። ሸንኮራ ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ እኔ ቀረበች። “ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። እኔ ላይ ስደርስ ከበሮው—”

“የኔ እመቤት፣ ሥራዬን አውቃለሁ” አልኳት።

አላስጨረስኳትም። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሸንኮራዋን አነሣችና ሄደች።

የቅበላ እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰው ሁሉ ሥጋ ጠግቦ፣ ጠጅ ጠጥቶ መጥቷል፤ ሽታው ጓዳዬ ድረስ ይገባል። ከበሮው ጀመረ። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ሰው “ኡ!” ይላል፣ ያጨበጭባል። ከዚያ ከበሮው በድንገት ቆመ። ሰውም ዝም አለ። በሃያ እሑድ ትርኢት ዝምታ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለቀ ማለት ነበር። ለአክሮባት ግን ዝምታ ማለት ከሁሉ የከፋው ቦታ ላይ ደርሳለች፣ አትተንፍሱ ማለት ነው። ይህን ማንም አክሮባት የሚያውቅ ሕፃን ያውቃል። እኔ አላወቅሁም፤ ልትነግረኝ ስትልም አልሰማሁም። እጄን መያዣው ላይ አድርጌ ‘አሁን ተሾመ በጨለማ እጅ ይንሣ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ማን እንደሆነ ይይ’ አልኩ። ሳብኩት።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። “የጨለማው ተራ! የጨለማው ተራ!” ይላል። ምቱ ያዘ፤ ሁለት ሺህ እጅ በአንድ ላይ። ከጭብጨባው ሥር አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ወፍጮ ቤት ጆንያ ያወረዱ መሰለኝ። አንድ ሰው “በር ክፈቱ!” ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀበት፤ አያ ቱፋ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆመ፣ እኔ እንዳስለመድኩት። ቆጠርኩ። ከመቶ አንድም አላጎደልኩም። ከዚያ አበራሁ፤ ከአዳራሹ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ጩኸት ተነሣ። ሰዎች ይህን አምነው ያነቡልኛል ብዬ አላስብም፤ እኔ ግን ጭብጨባ መሰለኝ። ዛሬስ ልውጣ፣ ሰውም ይየኝ አልኩ። ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ በትንሿ በር ወደ መድረኩ ወጣሁ።

ተሾመ ትከሻውን ይዞ ይቃትታል። ተኝቶ መሰላል የሚያቆም ሰው ዓይኑን ከመሰላሉ ጫፍ አያነሣም፤ ጫፉ ሲጠፋበት መሰላሉም ጠፋበት። መሰላሉ ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል። ጫልቱ ከሥሩ ናት፣ አንድ እግሯ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። የተነሣውን እጄን አወረድኩ። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ከመሰላሉ አላቀቅኋት። አያ ቱፋ በሩን ሲከፍተው የስምንት ሰዓት ፀሐይ እንደ ጎርፍ ገባ። ያን ሁሉ ጊዜ ብርሃኑ አንድ ሳንቃ ወዲያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

በጋሪ ሐኪም ቤት ተወሰደች። እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ መብራቱን ረገመ። ሲጠይቁኝ “አዎ፣ ሄደ” አልኩ። በቃ፣ ሁለት ቃል ናት። ተሾመ ግን ስሙን ማዳን ነበረበት፤ መሰላል የጣለ አክሮባት ማን ይጠራዋል? “ጨለማው ሲመጣ ፈርታ ለቀቀች፤ ለቃ ባትዘል ኖሮ እኔ በጨለማም እይዛት ነበር” እያለ ሻሸመኔም ዝዋይም አወራ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በሰፈሬ ዛፍ ላይ የወጡ ልጆች “እንደ ጫልቱ እንዳትለቂ!” ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ለሕፃናት መሳደቢያ ሆነች። አላረምኳቸውም። አዳራሹ ተዘግቶ መልሶ መጋዘን ሆነ። ሰው ከዚያ ወቅት ያስቀረው የጨለማውን ተራ ነው፤ መውደቋን የአምላክ ቁጣ አደረገው፣ ጨለማውን ደግሞ የእኔ ጥበብ። በየሠርጉ የክብር ወንበር ይሰጠኝ ነበር። እቀመጥ ነበር።

ለወጣቶቹ የጠየቁኝን ሦስት ገጽ በአንድ ቀን ጻፍኩላቸው። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ አኮርዲዮኑ አለበት፣ ርግቧ አለችበት፣ ጫልቱ ግን የለችበትም። ከመስጠቴ በፊት ሻሸመኔ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ስመለስ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ቡልቡላ ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ሹፌሩ ክሪኩን በማይሆን ቦታ ሲያስገባ አየሁና ወርጄ አሳየው ጀመር። አንዲት ተሳፋሪ “አባቴ፣ ፀሐይ ይመታዎታል፣ ለእሱ ይተዉለት” አለችኝ።

“የኔ እመቤት፣ ሥራዬን አውቃለሁ” አልኳት።

ከመንገዱ ዳር ካለችው ኪዮስክ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ውኃና ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ክራንቿን ተደግፋ ወጣች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ትከሻዋ ግን አሁንም የአክሮባት ትከሻ ነው።

“አካም ጅርቱ፣ ጋሼ” አለችኝ። “ከአዳማ ነዎት አይደል? የመብራቱ ሰውዬ።”

ክሪኩን ለሹፌሩ ተውኩለት። “አንቺ ጫልቱ ነሽ።”

“ነኝ። ፊትዎን ረስቼዋለሁ፣ ያቺን ቃል ግን አልረሳኋትም።” የፕላስቲክ ወንበር ጎትታ ጠረገችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። “ሲያልፉ አገኝዎት ይሆናል እያልኩ ስንት ዘመን እዚህ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዚያን ቀን ጠዋት ስንለማመድ መብራት ሄዶ ነበር፤ ወፍጮውም አብሮ ቆመ። ከሰዓት እኔ ላይ ሆኜ ሲጠፋ ግን ወፍጮው አልቆመም። ዱግ ዱግ ይላል። እጄ ላይ ቆሜ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ‘ወፍጮው ለምን አልቆመም?’ እያልኩ ነው የወደቅሁት። ለተሾመ ብነግረው ‘ወፍጮ ምን አገባው፣ ፈርተሽ ነው የለቀቅሽው’ አለኝ። እስኪሞት እንዲያ ይል ነበር። እርስዎ ጆሮ አለኝ ባይ ነበሩ። ወፍጮው ተሰምቶዎት ነበር?”

“አልሰማሁም” አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ “እሺ” አለችና አንድ ጠርሙስ ውኃ አምጥታ እጄ ላይ አደረገች። “ይጠጡ፣ ሙቀት ነው።”

“ፋዘር፣ ግቡ ጨርሰናል!” ብሎ ሹፌሩ ጮኸ። ገባሁ። ዝዋይን አለፍን፣ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆምን፣ ሞጆን አለፍን፤ አዳማ ስንደርስ ጠርሙሱ እንዳልተከፈተ እጄ ላይ ነበር።

ሦስቱን ገጽ ቀደድኩና ይህን ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ይዤ ረቡዕ ቡልቡላ ተመለስኩ። አሁን ተቀመጥኩ፤ አነበብኩላት። ለመንገደኛ ውኃ እየሸጠች፣ ለአንድ ባለጋሪ መልስ እየሰጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ዞረች።

“ጆንያ መሰለኝ ነው የሚሉት?”

“ጆንያ መስሎኝ ነበር።”

“ጆንያ አይጮኽም፣ ጋሼ። እኔ ጮኼ ነበር።”

“ያን አልሰማሁም” አልኳት። ይኸኛው እውነት ነው። አምናኝ እንደሆነ አላውቅም።

“ለመክፈቻው ነይ” አልኳት። “መኪና እልክልሻለሁ።”

“ካባ ሲደርቡልዎት ላይ ነው?”

“ካባውን አልቀበልም።”

“መቀበሉም መተዉም የእርስዎ ጉዳይ ነው፣ ለእኔ አይጨምርልኝ አይቀንስልኝም” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “እግሬንም ከእርስዎ አልጠብቅም። የወንድሜ የልጅ ልጆች እዚህ ትምህርት ቤት ሲጣሉ ‘ዘር ማንዘርሽ ለቃቂ’ ይባላሉ። ተሾመ ሞተ፣ ቃሉ ግን አልሞተም። እኔ እንዳልለቀቅሁ አውቃለሁ፣ ግን ራሴን ስቼ ነበር፣ ምስክር የለኝም። ከመሰላሉ ያላቀቀኝ እርስዎ ነዎት ብለው አሁን አነበቡልኝ። እንግዲያው እንዴት እንዳላቀቁኝ ይንገሯቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ጽሑፉን ለወጣቶቹ ሰጠኋቸው። ልጁ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው። “ጋሼ፣ ይህ ለመክፈቻ ይከብዳል። የአኮርዲዮኑን ክፍል ብቻ ብናወጣውስ?” አለኝ። ወይ ሁሉን፣ ወይ ምንም አልኩት። እንመካከራለን ብለው ሄዱ፤ እስካሁን አልተመለሱም። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ሄጄ የሰርከስ ልጆቹን ልምምድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ልምምድ ነው። አንዲት ልጅ ምሰሶ ላይ ወጣች፣ ከበሮው ቆመ፣ እኔም መተንፈስ አቃተኝና አሠልጣኟ ውኃ አመጣችልኝ። ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮ የለም፤ የሐጂ የልጅ ልጅ አሁን ሞባይል ይሸጥበታል።

አስነበቡኝም አላስነበቡኝም፣ አተሙትም አላተሙትም፣ በዚህ ከተማ የእኔን ቃል የሚጠራጠር እስካሁን አልተገኘምና ቃሌ ይህ ነው። የቅበላ እሑድ መብራት አልሄደም፤ ያጠፋሁት እኔ በላቸው ነኝ። ጫልቱም አልለቀቀችም። መሰላሉን እንደያዘች ከመሰላሉ ጋር ወደቀች። መብራቱን አብርቼ እጄን አንሥቼ ስወጣ ዓይኗ ተከድኗል፣ አሥሩ ጣቶቿ ግን በእርከኑ ላይ እንደተጨበጡ ነበሩ። አንድ በአንድ ፈለቀቅኋቸው። በዚያ ዕድሜዬ ብረት በእጄ የማጎብጥ ሰው ነበርኩ፤ የመጨረሻዋን ጣት ብቻዬን ማላቀቅ አቅቶኝ አያ ቱፋን ጠራሁት።